ከቁርጥማት ጋር ቤት ማስተዳደር

ጠዋት የበር ቁልፍ ለማዞር ጣትዎ እምቢ የሚልዎት፣ ጀበና ሲያነሱ የእጅ አንጓዎ የሚከዳዎት፣ ከበርጩማ ለመነሳት የሰው እጅ የሚፈልጉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ከያዘኝ 11 ዓመት ሆነኝ። መድኃኒቱን ሐኪም አዘዘልኝ፤ ሽንኩርት በምን እንደምከትፍ፣ ነጠላ አጥቤ እንዴት እንደምጨምቅ ግን የነገረኝ አልነበረም። ሕመሙ ያለብን ሰዎች ስንገናኝ የምንጠያየቀውም ይህንኑ ነው።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ብዙዎቻችንን የሚጥለን ደህናው ቀን ነው። ሦስት ቀን ተኝተን በአራተኛው ቀለል ሲለን የተጠራቀመውን ሥራ ሁሉ በአንድ ጀንበር ልንጨርስ እንነሳለን። 30 እንጀራ እንጋግራለን፣ አንሶላ እናጥባለን፣ ቤት እንወለውላለን። ማታ ጉልበቱም አንጓውም ያብጣል፤ ሳምንቱም ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ሕመም እስኪያስቆምዎ ድረስ አይሥሩ፤ ሰዓት እያዩ ይሥሩ። 20 ደቂቃ ሠርተው፣ ባያምዎትም 10 ደቂቃ አረፍ ይበሉ። በስልክዎ ላይ ደወል ቢሞሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሥራ ሲጥም ሰዓት ይረሳል።

1. የሕመምዎን ስም ይወቁ

«ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» ስንል ብዙ የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። ሕክምናቸው ግን አይመሳሰልም። ጠዋት መገጣጠሚያዎ ተሳስሮ ለመፍታታት አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ በግራም በቀኝም የእጅ ጣቶች መገጣጠሚያ የሚያብጥ ከሆነ ሩማቶይድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ጠዋት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚፈታ፣ ሲሠሩበት ውለው ማታ የሚብስ የጉልበት ወይም የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። ሌሊት ድንገት ተነስቶ የእግር አውራ ጣትን እንደ እሳት የሚያቃጥለው ደግሞ በዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣው ጋውት ሊሆን ይችላል።

የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስቶች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በቅድሚያ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይዩና ካስፈለገ ሪፈር ያጽፉ። ከመሄድዎ በፊት ለሁለት ሳምንት በደብተር ይመዝግቡ፦ የትኛው መገጣጠሚያ አመመ፣ ጠዋት ለስንት ደቂቃ ተሳስሮ ቆየ፣ ምን ሲሠሩ ባሰ። እብጠት ካዩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሊጎድል ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው «ሩማቶይድ ፋክተር» የሚባለው የደም ምርመራ ነጻ ሲል «በሽታው የለብኝም» ብሎ መመለስ ነው። በሽታው እያለባቸው ምርመራው ነጻ የሚላቸው ሰዎች አሉ። ሁለተኛው በየወሩ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ የማንኛውም ቁርጥማት መድኃኒት አድርጎ ማሰብ ነው። መርፌው የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይመላለስ የሚሰጥ ነው፤ ሩማቶይድን አያክምም። የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ ለየትኛው ሕመም እንደታዘዘልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

2. መድኃኒትን ከማስታገሻ ይለዩ

ለሩማቶይድ በብዛት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ይህንን እርስዎም፣ መድኃኒት የሚያቀብልዎት ልጅም፣ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይወቀው። በየቀኑ ከተዋጠ መቅኒን ጎድቶ እስከ ሞት ያደርሳል። እኔ ሐሙስ ማታ ነው የምወስደው፤ ዕቃው ላይም «ሐሙስ» ብዬ በትልቁ ጽፌበታለሁ። አብሮ የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድ ሐኪምዎ በነገረዎት በሌላ ቀን ይውሰዱ። መድኃኒቱ ሥራውን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልያዘልኝም» ብለው አይጣሉት። የጉበትና የደም ሴል ምርመራ በቀጠሮው ይደረግ፤ አልኮል ይቅር። ጽንስን ስለሚጎዳ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት አስቀድመው ለሐኪም ይንገሩ። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ዝቅ ስለሚያደርግ ጥሬ ሥጋ ቢቀርብዎት የበሰለውን ይምረጡ።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ያስታግሳሉ እንጂ በሩማቶይድ መገጣጠሚያው መበላቱን አያቆሙም። በባዶ ሆድ፣ ወይም ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ደም ግፊት ካለብዎ ይብስብዎታል። ስቴሮይድ የሚባለው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአንድ ሌሊት ሰው ያደርጋል፤ ብዙዎች ያለ ሐኪም ገዝተው የሚቀጥሉበትም ለዚህ ነው። ሲቆይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያነሳል። ለሳምንታት የወሰዱትን ግን በድንገት ማቆምም አደጋ ነው፤ ቀስ በቀስ የሚቀንስልዎት ሐኪም ነው። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን «የሪህ ዱቄት» አይግዙ፤ እንዲህ ባሉ ዱቄቶች ውስጥ ስቴሮይድ ተደባልቆ የተገኘበት ጊዜ አለ።

የሚጾሙ ከሆነ ለሐኪምዎም ለነፍስ አባትዎም ይንገሩ። በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን ከማታው ማዕድ ጋር ማድረግ ይቻላል፤ በረመዳን ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ። ጸበል የሚጠቀሙ ሰዎች መድኃኒቱን እንዲተዉ አልመክርም፤ ሁለቱን አብሮ የሚያስኬድ ብዙ ሰው አለ። በንጋት ብርድ መጠመቁ የሚያሳስርዎት ከሆነ ጠጥተው መቀባት እንደሚችሉ ይጠይቁ።

3. ጠዋቱን ማታ ይጀምሩት

ማታ ሲተኙ ፔርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ አልጋዎ አጠገብ ያስቀምጡ። ያጠበቁት ክዳን ጠዋት አይከፈትልዎትም። ሳፋና ፎጣም አጠገብዎ ይሁን።

ሲነቁ ወዲያው አይነሱ። ከጋቢው ሥር እንዳሉ ጣቶችዎን 10 ጊዜ ቀስ ብለው ይጨብጡ፣ ይዘርጉ። አንጓዎን ያዙሩ፣ የእግርዎን ጫፍ ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ጉልበትዎን በየተራ ይጠፉ። ከዚያ ተነስተው ይቀመጡና እጅዎን በሞቀ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩ። ውሃው እንዳያቃጥል መጀመሪያ በክርንዎ ይሞክሩት፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ጣቱ ሙቀት ላይለይ ይችላል።

ሙቀት ለተሳሰረ መገጣጠሚያ ነው። ላበጠና ለሚያተኩስ መገጣጠሚያ ቅዝቃዜ ይሻላል፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለ15 ደቂቃ ያድርጉበት። ያበጠን መገጣጠሚያ ወጌሻ ጋ ወስዶ ማሳሸት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ወለም አላለም፤ የሚታሽ ነገር የለውም፣ የተቆጣውን ያባብሰዋል።

ቀጠሮ ሲይዙም ሆነ ከባድ ሥራ ሲያስቡ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ያድርጉት።

4. ማዕድ ቤት

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ እጃችን ከሁሉ በላይ የሚደክመው እዚህ ነውና።

በመጀመሪያ አንድ ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ ይፈልጉ። ጎሚስታ ቤት በነጻ ወይም በጥቂት ብር ይሰጡዎታል። ታጥቦ ሲደርቅ በጠባብ ጥብጣብ ይቁረጡትና የቢላዋውን፣ የማማሰያውን፣ የጭልፋውን እጀታ እስኪወፍር ይጠቅልሉበት። ቀጭን እጀታ ጣትን አጥብቆ ያስጨብጣል፤ አጥብቆ መጨበጥ ነው የጣት መገጣጠሚያን የሚጨርሰው። ወፈር ያለውን በላላ እጅ መያዝ ይቻላል። ከዚያው ከመነዳሪ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ያስቀሩ። የዘይት ወይም የማር ክዳን ላይ አድርገው በጣት ሳይሆን በመዳፍዎ ተጭነው ያዙሩት፣ ይከፈትልዎታል።

ሽንኩርት ቆመው ወይም ጎንበስ ብለው አይክተፉ። መክተፊያውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ፤ አይንሸራተትም፣ በሌላው እጅ አጥብቀው መያዝም አይጠበቅብዎትም። ለወጥ የሚሆነውን በደህናው ቀን ለሦስት ቀን ያህል ብቻ ከትፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድርጉ። የሳምንቱን ልክተፍ ካሉ ወደዚያው ወደ ፈራነው ስህተት ተመለሱ። በርበሬና ቅመም ወፍጮ ቤት ይሂድ፤ ሙቀጫና ዘነዘና ለእኛ እጅ አልተሠራም።

እንጀራ መጋገር ካልቀረ ምጣዱ ከወገብ እስከ ክርን ባለው ከፍታ ላይ ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ይቻላል። ሊጡን ከቡሃቃ በትልቅ ጆግ አይቅዱ። ግማሽ የሞላ ትንሽ ጆግ ይዘው በሁለት እጅ ያፍስሱ። አክንባሎውን በአንድ ጣት አንጠልጥለው አያንሱ፤ እጀታውን በጨርቅ አወፍረው በሁለት እጅ ያንሱት። እንጀራው ሲወጣ ሰፌዱን በጣቶችዎ ጫፍ ከመቆንጠጥ ክንድዎ ላይ አስደግፈው ይያዙት። 30 መጋገር የለመዱ 10 ጋግረው ያቁሙ፣ የቀረውን በሌላ ቀን። እንጀራ ገዝቶ መብላትም ነውር የለውም። እኔ ይህንን ለመቀበል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያ ሁለት ዓመት ቀኝ አንጓዬን አስከፍሎኛል።

ቡናን አልተውኩም፣ እርስዎም አይተዉ። ዝቅ ያለውን በርጩማ ትተው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ረከቦቱን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ያውጡት። ጀበናው ትንሹ ይሁን፣ ውሃውም እስከ ግማሽ። ሲቀዱ አንዱ እጅዎ አንገቱን ይያዝ፣ ሌላው በወፍራም ጨርቅ ከሥር ይደግፈው። ስኒዎቹን አጠጋግተው ከደረደሩ አንጓዎን ደጋግመው አያጣምሙም። ቡናውን የሚወቅጥ ሰው ካለ እሰየው፤ ከሌለ የተፈጨ ይግዙ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ልላክ?» ቢልዎት የማስታገሻ ክኒን አይጠይቁት። የክዳን መክፈቻ፣ ወፍራም እጀታ ያለው መላጫና ቢላዋ፣ የአንጓ መደገፊያ ይላክልዎ። ክኒኑ ያልቃል፤ እነዚህ ዕቃዎች ዓመታት ያገለግላሉ።

5. ውሃና ልብስ

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ባለ 5 ሊትሮችን ይግዙ። ትልቁን ጎረምሳ ያምጣልዎት፤ እርስዎ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጠው ከሥሩ ቧንቧ ያስገጥሙለት። ማዘንበል ይቀራል። ቧንቧውም በጣት የሚጠመዘዝ ሳይሆን በመዳፍ ገፋ የሚያደርጉት ዓይነት ይሁን።

ልብስ ማጠብ ላይ ጠላታችን መጭመቅ ነው። ልብሱን ማታ በኦሞ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ ጠዋት መፈተጉ ይቀልላል። ከዚያ ሳይጨምቁ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ያስጡት። ግድ ካልሆነብዎ በቀር አይጭመቁ፤ ግድ ከሆነ ልብሱን በቧንቧው ዙሪያ አዙረው ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይጠምዝዙ፣ ኃይሉ ከክንድ ይመጣል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

6. መቀመጫ፣ አልጋና መጸዳጃ

ወንበርዎ ላይ ሲቀመጡ ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ካለ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ጠንካራ ትራስ ይጨምሩ፣ ወይም እግሮቹን በጣውላ ያስረዝሙ። ሲነሱ በጣትዎ አይግፉ፤ ወደ ጠርዝ ይምጡ፣ እግርዎን ወደ ኋላ ይሳቡ፣ በክንድዎ ተደግፈው ይነሱ። ፍራሽዎ መሬት ላይ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ከፍ ያስደርጉት።

ጉልበት ሲያም ከሥሩ ትራስ አድርጎ መተኛት ደስ ይላል። በየሌሊቱ ከሆነ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ቀጥ አይልም።

በቁጢጥ የሚቀመጡበት መጸዳጃ ላለው ቤት መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር አናጺ ይሠራል። በያጅ ደግሞ ግድግዳው ላይ የብረት መያዣ ያስገባልዎታል። ሁለቱም ብዙ ወጪ የላቸውም። ሌሊት በመንገዱ ላይ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ እንዳይኖር ያስነሱ።

7. ከቤት ሲወጡ

ምርኩዝ ለመያዝ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ የሚይዘውም በተሳሳተ እጅ ይይዘዋል። ምርኩዝ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ እጅ ነው። ቀኝ ጉልበትዎ ከታመመ በግራ እጅዎ ይያዙ፣ ከታመመው እግር ጋር አብረው ያራምዱት። ቆመው እጅዎን ሲለቁት የምርኩዙ እጀታ ከአንጓዎ መታጠፊያ ጋር እኩል ይሁን። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም።

ጫማዎ ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ይሁን። የዘንቢልና የፌስታል ማንጠልጠያ ጣትን ያጎብጣል፤ ዕቃ በትከሻ ወይም በጀርባ ይሁን። ሚኒባስ ላይ ጋቢና ይቀመጡ፤ ሰልፉ ሲረግብ ይውጡ፤ ረዳቱን «ሕመምተኛ ነኝ፣ እስክገባ ጠብቀኝ» ለማለት አይፈሩ። አብዛኞቹ ይጠብቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ስግደት ካቃተዎት የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፣ ለሕመምተኛ ሌላ መንገድ አለው። መስጊድም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው።

8. ይንቀሳቀሱ

«ያመመኝ ነገር ነውና ላሳርፈው» ብሎ ወራት መቀመጥ ጡንቻን ያቀልጣል፤ ጡንቻ ሲቀልጥ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ለጉልበት ቀላሉ ይህ ነው፦ እግርዎን ዘርግተው አልጋ ላይ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ያድርጉ፣ ፎጣውን በጉልበትዎ ወደ ታች ተጭነው 5 ሰኮንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ። ከዚያ ደልዳላ መንገድ ላይ በእግር ይሂዱ፤ ከ10 ደቂቃ ጀምረው ይጨምሩ። እንቅስቃሴ ካደረጉ 2 ሰዓት አልፎም ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ከቀጠለ በዝቶብዎታል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ይቀንሱ።

ከመጠን ያለፈ ክብደት ላለው ሰው የሚቀነሰው እያንዳንዱ 1 ኪሎ በየርምጃው ከጉልበት ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። የጉልበት ሕመም ላለበት ይህ ብዙ ነገር ነው።

9. ለቤተሰብ በግልጽ ይንገሩ

ይህ ሕመም ከውጭ ብዙም አይታይም። ትናንት ስትስቅ የዋለች ሴት ዛሬ ጣሳ ማንሳት አቃታት ሲባል ሰው ይጠረጥራል፤ «ስንፍና» የሚለው ቃል ከሕመሙ በላይ ያማል። ስለዚህ ሥራውን በስም ያካፍሉ። «እርዱኝ» ብቻ ሲሉ ማንም አይሰማም። «አንተ ማክሰኞና ቅዳሜ ጀሪካኑን ትሞላለህ፣ አንቺ ክዳኖቹን ሁሉ አላልተሽ ታስቀምጫለሽ» ሲሉ ግን ይሠራል። እርስዎ ደግሞ ተቀምጠው የሚሠራውን ይውሰዱ፦ ጎመን መቀንጠስ፣ ምስር መልቀም፣ ሒሳብ መያዝ። መልእክት በጣት ከመጻፍ በድምፅ ይላኩ።

10. ሲነሳብዎ

ሕመሙ የሚብስባቸው ቀናት ይመጣሉ፤ በሐምሌ ብርድ ደግሞ ብዙዎቻችን እንተሳሰራለን። ካልሲና ጋቢ አይለይዎት። በእነዚህ ቀናት ሥራውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ያበጠውን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፣ ግን በቀን ሁለት ሦስቴ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። የታዘዘልዎን መድኃኒት አያቋርጡ፣ በራስዎ እጅም አይጨምሩ። ከሳምንት በላይ ከቆየ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

አንድ ነገር ግን ሳምንት አይጠብቅም፣ ሌሊቱንም አይጠብቅም። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት አብጦ፣ ቀልቶ፣ አተኩሶ፣ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል። በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያጠፋዋል፤ ወደ ደም ከገባም ሕይወት ይወስዳል። ሜቶትሬክሴት ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ላይ ትኩሳቱ ላይጎላ ስለሚችል «አላተኮሰኝም» ብለው አይዘናጉ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።